ወገቧ ወፍሯል

ሳጥኑ የደረሰኝ ዓርብ ማታ ከሥራ ስመለስ ነው። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የትራም መካኒክ ነኝ። እጄ የግራሶ ሽታ እንደያዘ ከፈትኩት። ውስጡ በስስ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ከመቶ በላይ ግራጫ ቁርጥራጮች፣ አንድ የመስታወት ክፍል፣ የመመሪያ ደብተርና በውኃ ተነክረው የሚለጠፉ ምልክቶች ነበሩበት። ከምልክቶቹ መካከል የኢትዮጵያ አየር ኃይል ምልክትም አለ። በ1/48 መጠን አዲስ የወጣ የኤፍ-5 ኢ ተዋጊ ጄት ተገጣጣሚ ሞዴል ነው። የአምራቹን ስም እዚህ አላነሣም፤ ጉዳዬ ከቅርጹ ጋር ነው።

አዲስ ሞዴል ሲወጣ ይህን ሥራ የምንወድ ሰዎች መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ትክክል ነው ወይ?» ብለን ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ መልሱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻም ዋናውን ስህተት ያገኘሁት እኔ አይደለሁም።

በዚህች አውሮፕላን ላይ የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። አባቴ ደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ)፣ ሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ጣቢያ የአውሮፕላን ቆርቆሮ ባለሙያ ነበሩ። የተጎዳውን ላሜራ ቆርጠው ያወጣሉ፣ አዲሱን በልኩ ያጥፋሉ፣ በሪቬት ይመቱታል። ኤፍ-5ዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሆራ ሐይቅ ላይ ሲያልፉ የቤታችን ጣሪያ ይርገበገብ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ለሳምንታት ቤት አላደሩም። ልብስ ለመቀየር ብቅ ሲሉ ጣቶቻቸው በላሜራ ተሸርክተው አይ ነበር። በዚያ ጦርነት የእኛ ኤፍ-5ዎች የሶማሊያን ሚጎች አየር ላይ ገጥመው ጥለዋል፤ እንደ ለገሠ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ከዚህች አውሮፕላን ጋር ነው። ስለዚህ የእሷ ሞዴል ሲወጣ «ትመስላለች» መባሉ አይበቃኝም።

አንባቢ እንዲከተለኝ መጀመሪያ መጠኑን ላስረዳ። 1/48 ማለት በእውነተኛዋ አውሮፕላን ላይ ያለው 48 ሚሊ ሜትር በሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ ለምን 50 እንዳልሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ምክንያቱ የእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ ሩብ ኢንች አንድ ጫማን ሲወክል 1/48 ይመጣል። ሌላው የታወቀ መጠን 1/72 ደግሞ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን፣ ማለትም አንድ ረጅም ሰውን፣ ሲወክል የሚገኝ ነው።

ኖርዝሮፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራት ኤፍ-5 ኢ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1972 ነው። ርዝመቷ 14.45 ሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.13 ሜትር፣ ቁመቷ 4.08 ሜትር ነው። ለ48 ሲካፈል 301፣ 169.4 እና 85 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ካሊፐሬን አውጥቼ ሞዴሉን ለካሁ። ርዝመቱ 300.5፣ ክንፉ 169 ወጣ። በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ትክክል ነው» ብሎ ይፈርዳል።

ቁጥር ግን ራሱ ይፈተናል። ለምሳሌ የክንፉን ስፋት አንዳንድ መጽሐፍ 8.53 ሜትር ይለዋል። ያ ልኬት በክንፍ ጫፍ የሚሰቀሉትን የሳይድዋይንደር ሚሳይሎች ይጨምራል። ይህን ሳያስተውል የለካ ሰው ትክክለኛውን ክንፍ «8 ሚሊ ሜትር ያጥራል» ብሎ ይኮንነዋል። የርዝመቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ 14.45 የሚልም 14.68 የሚልም መጽሐፍ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከየት ጀምሮ እንደተለካ ነው፤ ከአፍንጫዋ ጫፍ እንደ መርፌ የሚወጣው የፍጥነት መለኪያ ዘንግ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ከዚህ የከፋው ደግሞ ታላቅ እህቷን ኤፍ-5 «ኤ»ን ከእሷ ጋር ማምታታት ነው። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ያገኘችው ኤፍ-5 «ኤ»ን ነው። የሁለቱ ርዝመት በሞዴል ላይ በ1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይለያያል፤ የኤፍ-5 ኤ ክንፍ ግን 7.70 ሜትር ስለሆነ በሞዴል 160.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ 9 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ኤፍ-5 ኢ የበለጠ ጉልበት ያላቸው ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ጄ85 ሞተሮች፣ ሰፋ ያለ ገላና ከክንፉ ሥር ወደ ፊት የሚዘረጋ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ላሜራ አላት። ያ ሦስት ማዕዘን ከሌለ በእጃችሁ የያዛችሁት ሌላ አውሮፕላን ነው። በዚህ ሞዴል ላይ አለ፤ ቅርጹም ደህና ነው።

የጎደለችው ግማሽ ሚሊ ሜትርስ? ፕላስቲኩ ቀልጦ በብረት ሞልድ ውስጥ በግፊት ገብቶ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ግማሽ በመቶ ያህል መኮማተር የተለመደ ነው፤ በ301 ሚሊ ሜትር ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ጎበዝ ሞልድ ሠሪ ይህን አስቦ ብረቱን በዚያው ልክ አስረዝሞ ይቀርጻል። ከሁሉ በኋላ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ መቅረቱ ሠሪው ሥራውን እንደሚያውቅ ነገረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙጫ ሳልነካ ገላውን፣ ክንፉንና ጅራቱን በወረቀት ቴፕ አያያዝኩ። ሞዴል የሚፈረደው በዚህ ደረጃ ነው፤ ከተጣበቀ በኋላ ስህተት ማግኘት ለቁጭት ካልሆነ አይጠቅምም። አያይዤ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳትና ከሁለት እርምጃ ርቄ አየኋት። አንድ ነገር ከነከነኝ። ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

ታዲያ ከምን ጋር ላመሳክራት? ብዙዎች የሚሮጡት ወደ ንድፍ ወረቀት ነው። እኔ ንድፍ ቶሎ አላምንም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ወገቡን አስፍቶ የሣለው ንድፍ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ሞዴል ይገለበጣል፤ ከዚያ ሞዴሉ ንድፉን፣ ንድፉ ሞዴሉን እየመሰከሩ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ይሆናሉ። ማስረጃ በሌለበት ሞዴል ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቴስተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኤፍ-19» ብሎ በራዳር የማይታየውን ምስጢራዊ ጄት ሞዴል አወጣ። ማዕዘኖቹ ሁሉ የለሰለሱ፣ ውብ ቅርጽ ነበር፤ እንደ ጉድ ተሸጠ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ሳይቀሩ ምስጢር እንዴት ወጣ ብለው ተነጋገሩበት። እ.ኤ.አ. በ1988 መንግሥት እውነተኛዋን ኤፍ-117 ይፋ ሲያደርግ ግን እንደ ተቆረጠ ድንጋይ ጠፍጣፋ ገጾች የተገጣጠሙባት፣ ከሞዴሉ ጋር ፈጽሞ የማትመሳሰል አውሮፕላን ሆና ተገኘች። ሞዴሉ በደንብ ይገጣጠማል። የሚወክለው ነገር ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

የእኔ ምስክር ፎቶ ነው፤ ፎቶም ቢሆን እንዴት እንደተነሣ ካወቅሁ ብቻ። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጅራትን ያሳንሳል። እዚህ ስዊዘርላንድ ዕድለኛ ነኝ፤ ፓትሩይ ስዊስ የሚባለው የአየር ኃይሉ የትርኢት ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቀይና ነጭ ቀለም ኤፍ-5 ኢ ሲያበር ኖሯል። በአንድ ትርኢት ቀን መሬት ላይ ከቆመችው ትክክል በጎን በኩል 48 ሜትር ያህል በእርምጃ ቆጥሬ ርቄ አነሣኋት። ቤት ስመለስ ካሜራዬን ከሞዴሉ ትክክል 1 ሜትር አራቅሁ። አርባ ስምንት ሜትር ለ48 ሲካፈል አንድ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ካሜራው ሁለቱንም የሚያያቸው በአንድ ዓይን ነው። ሁለቱን ፎቶዎች በኮምፒውተር ላይ አንዱን በሌላው ላይ ደረብኳቸው።

አፍንጫዋ ገጠመ። የጅራቷም ዘንበል ማለት ገጠመ። የኮክፒቱ መስታወት ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ በእውነተኛዋ ላይ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ተውኩት፤ መስታወት ሞርዶ አጥርቶ መመለስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

የፊት እግሯ ግን ስህተት ነው፤ በዚህ ላይ አልራራም። ኤፍ-5 ኢ የፊት ጎማዋ እግር ሁለት ቁመት አለው። ለመነሣት ስትዘጋጅ አብራሪው የጎማውን እግር ያስረዝመዋል፤ አፍንጫዋ ወደ ሦስት ዲግሪ ገደማ ቀና ትላለች፤ ክንፏ አየሩን ቶሎ ይይዛል፤ በአጭር ማኮብኮቢያ ትነሣለች። ቆማ ስትውል ግን እግሩ አጭር ነው። ይህ ሞዴል የሰጠኝ ረጅሙን ብቻ ሲሆን መመሪያው ደግሞ ባዶ ኮክፒት፣ የተከፈተ መስታወትና የተደገፈ መሰላል ያሳያል። አብራሪ የሌላት አውሮፕላን ለመነሣት አፍንጫዋን አታነሣም። እግሩን ቆርጬ አሳጠርኩት፤ ፎቶው እስኪገጥም ድረስ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያ የከነከነኝ ነገር አልለቀቀኝም። ሞዴሉን ከየአቅጣጫው አንሥቼ ፎቶዎቹን ቢሾፍቱ ላለችው ታናሽ እህቴ ላክሁላትና እሁድ ደወልኩ። አባቴ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። እህቴ የስልኩን ምስል በጣቷ አሰፋችላቸው። ብዙ ዝም አሉ።

«ይህች የእኛ ናት?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ኤፍ-5 ኢ ናት። እንዴት አገኟት?»

«አፍንጫዋ ደህና ነው። ወገቧ ግን ወፍሯል።»

«ወገቧ የቱ ጋ?»

«ክንፏ ከገላዋ የሚገጥምበት ነዋ። እኔ ከሥሯ ተጋድሜ እጄን ስሰድ እዚያ ጋ ወደ ውስጥ ይገባልኝ ነበር። ይቺ እጅ አታስገባም።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ከላይ አየኋት። እውነታቸውን ነው።

ያ ወገብ ለውበት የተሠራ አይደለም። አውሮፕላን ወደ ድምፅ ፍጥነት ስትጠጋ አየሩ የሚገፋት በጠቅላላ ውፍረቷ አለዋወጥ ልክ ነው። ገላዋ ሳይቀጥን ክንፉ ሲጨመርበት ውፍረቱ በድንገት ያድጋል፤ ግፊቱም አብሮ ይዘላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሪቻርድ ዊትኮም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው መፍትሔ ክንፉ በሚጨመርበት ቦታ ገላውን በዚያው ልክ ማቅጠን ነበር። ኤፍ-5 ከላይ ስትታይ እንደ ኮካኮላ ጠርሙስ ወገቧ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ትናንሽ ሞተሮች ይዛ ከድምፅ በላይ እንድትበር ከሚያደርጓት ነገሮች አንዱ ነው። የአውሮፕላኗ ሐሳብ ያለው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። በጎን ፎቶ ደግሞ አይታይም፤ ለዚህ ነው እኔ ያመለጠኝ።

ከላይ የተነሣ ፎቶ ፈለግሁ፤ ነበረኝም። አክሳልፕ በሚባል ተራራ ላይ የስዊዘርላንድ አየር ኃይል በጥቅምት ገደማ የተኩስ ልምምድ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ተመልካቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆሞ ጄቶቹ ከእግሩ ሥር በሸለቆው ውስጥ ሲያልፉ ያይ ነበር። ከዓመታት በፊት እዚያ ወጥቼ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ በረጅም ሌንስ ያነሣሁት አንድ ፎቶ አለ፤ ኤፍ-5 ኢ ጀርባዋን ሙሉ አሳይታ። የክንፏን ስፋት አውቀዋለሁ፣ 8.13 ሜትር ነው። የወገቧን ስፋት ከክንፏ ጋር አነጻጸርኩ፤ አውሮፕላኗ በመጠኑ ብታጋድልም ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ አብረው ያጥራሉ፣ ንጽጽሩ አይበላሽም። ከዚያ ሞዴሉን ለካሁ። ወገቡ 1.2 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በእውነተኛዋ ላይ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አባቴ ከስልክ ምስል ላይ ያዩት ይህን ነው። በዓይናቸው አይመስለኝም ያዩት፤ እጃቸው ነው ያስታወሰው።

ማስተካከያው አንድ ሳምንት ወሰደ። ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ ዝም ብለው ቢሞርዱት ይበሳል። ከውስጥ በኢፖክሲ ደገፍኩት፤ ከውጭ በየጎኑ 0.6 ሚሊ ሜትር በሞረድ አወረድኩ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ የጠፉትን የላሜራ መጋጠሚያ መስመሮች በመርፌ መልሼ ቀረጽኩ።

ስለ መስመሮቹ ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ገምጋሚዎች የሚያደንቁት ነገር እኔን ያሳዝነኛል። ይህ ሞዴል በላዩ ሙሉ ሪቬት ተነጥቦበታል። አንዱ ነጥብ 0.3 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በእውነተኛዋ ላይ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የሞላባትን ጄት ማንም አብራሪ አይነሣባትም። የአባቴ ሙያ ትልቁ ኩራት ሪቬቱ ከላሜራው ጋር እኩል ሆኖ በእጅ ሲዳበስ እንዳይታወቅ ማድረግ ነበር። ከሦስት እርምጃ ርቀት ቀለም የተቀባ ጄት ላይ ሪቬት ጎልቶ አይታይም። ዝርዝር መብዛቱን ከትክክለኛነት ጋር አናምታታው። ግማሹን በስቱኮ ደፈንኩት።

የቀረው የምልክቶቹ ወረቀት ነበር። ከእኛ አየር ኃይል ምልክቶች መካከል ጎኗ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ትልቅ መስሎ ታየኝ። በመጽሐፍ የማመሳክርበት አላገኘሁም። ያገኘሁት በእናቴ አልበም ነው፤ እህቴ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። አባቴ ቱታቸውን ለብሰው ከኤፍ-5 ጎን፣ ከቁጥሩ ሥር ተደግፈው ቆመዋል። ቁመታቸው 1.72 ሜትር ነው። በፎቶው ላይ የአንዱ አኃዝ ቁመት የእሳቸው አንድ ስድስተኛ ነው፤ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ በሞዴሉ ላይ 6 ሚሊ ሜትር። ወረቀቱ ላይ ያለው 8 ነው። አዲስ ቁጥር በእጄ ቆርጬ ቀባሁ። የገዛ አባቴ ቁመት ማስመሪያ ሆነልኝ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ሞዴሉ በዋና ልኬቶቹ ትክክል፣ በአገጣጠም ጥሩ፣ በአፍንጫና በጅራት የሚታመን ነው። የፊት እግሩ፣ ወገቡና የኢትዮጵያ ቁጥሩ ስህተት ነው። ሦስቱንም ማረም ይቻላል። ለማረም ትዕግሥት ያለው ይግዛው፤ ከሳጥኑ አውጥቶ እንዳለ መገጣጠም ለሚፈልግ ግን ይህች ኤፍ-5 ኢ አይደለችም እለዋለሁ።

አንድ ልመናም አለኝ። በቢሾፍቱ፣ በድሬዳዋ፣ በአስመራም ሆነ ዛሬ በውጭ አገር የምትኖሩ የአየር ኃይል ቤተሰቦች፣ አልበማችሁ ውስጥ አውሮፕላን አጠገብ የቆመ አባት፣ አጎት ወይም ባል ካለ ፎቶውን ከአልበሙ አውጡት። ዛሬውኑ ኮፒ አንሡለት፤ ከጀርባው የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ሰውየው በሕይወት ካሉም ቁመታቸውን ጠይቋቸውና እሱንም ጨምሩበት።